ለእናታችን ያሳየነው አንበሳ

ወንድሜን ከምንኖርበት ፎቅ ለማውረድ አራት ወንድ ያስፈልጋል። ጆበርግ፣ ሂልብሮው በሚባለው ሰፈር ያለው ሕንፃችን ሊፍት አለው፤ አለው ማለት በርና ቁልፍ አለው እንጂ ሲወጣና ሲወርድ ያየው ሰው የለም። ስለዚህ ሁለቱ ዊልቸሩን ከፊት ይይዛሉ፣ ሁለቱ ከኋላ፣ እኔ ደግሞ ትራስና ውሃ ይዤ እየተከተልኩ «ቀስ በሉ፣ ግድግዳውን ተጠንቀቁ» እያልኩ እጨቀጭቃቸዋለሁ። ሰዎቹ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድሞች ናቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሎኬሽን በሚባሉት የድሆች ሰፈሮች ውስጥ ሱቅ ሲጠብቁ ውለው እሁድን ብቻ የሚያርፉ። ለሸክም ሲጠሩ አንድም ቀን ፊታቸው ጠቁሮ አላየሁም። የሚጠቁረው የወንድሜ ፊት ነው። «ሰው በአራት ሰው የሚወጣው ሲሞት ነው» ይላል። በዚህ የተነሳ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ የሐኪም ቀጠሮ ካልሆነ በቀር ከቤት ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ስለዚህ አንድ ሐሙስ ማታ ራቱን እየበላ «እሁድ ዙ እንሂድ» ብሎ ወደ እንስሳት ማቆያው እንድንወስደው ሲጠይቀኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ወንድሜ አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሎኬሽን ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። እኔ መሃል ከተማ ጀፕ መንገድ ላይ የአንድ የስልጤ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ብርድ ልብስና አንሶላ እሸጣለሁ፤ እሱ ደግሞ ሎኬሽኑ ውስጥ ዳቦ፣ ስኳር፣ ሳሙና ይሸጥ ነበር። ቀን ከብረት ፍርግርግ ኋላ ሆኖ የሚሸጥበት ክፍል ሌሊት የሚተኛበት ነው። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ መሣሪያ የያዙ ልጆች መጡበት። የጠየቁትን ሁሉ ሰጣቸው። ሰጥቷቸው ዞር ሲል ተኮሱ። ለምን እንደተኮሱ ዛሬም አላውቅም፤ እነሱም የሚያውቁ አይመስለኝም። ጥይቷ ከጀርባው ገብታ አከርካሪውን ነካችው። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሮቹ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አይታዘዙትም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው፣ እዚህ ያለ የአገራችን ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለእናት በስልክ አይነገርም። መጀመሪያ አገር ቤት ላሉት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ይደወላል። እሳቸው ጎረቤቱን በጸጥታ ይሰበስባሉ፣ ቀን ይመርጣሉ፣ ለእናትየው ቅርብ የሆነ ሰው ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በጠዋት ተያይዘው ይሄዳሉ። ይህ ለሞት የተሠራ ሥርዓት ነው። እግሩ ለማይሄድ ልጅ የሚሆን ሥርዓት የለንም። ስለዚህ የሞቱን ተጠቀምንበት።

ሽማግሌው «እናታችሁ ግፊት አለባት፤ ትንሽ ይሻለውና ራሱ ቆሞ ይነግራታል» አሉን። እኛም ደስ አለን፣ ምክንያቱም «ቆሞ» የሚለውን ቃል ሰምተን ነበር። ጠበቅን። አዝመራው ይግባ አሉ፤ ገባ። ፋሲካ ይለፍ አሉ፤ አለፈ። ሐኪሞቹ ስለ መቆም ማውራት ሲተዉ እኛም ስለ መንገር ማውራት ተውን። ሆሳዕና አጠገብ ባለው መንደራችን ከእናታችን በቀር የማያውቅ ሰው አልቀረም ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛ እውነት ግን እያደረ ይወፍር ነበር እንጂ ሲጠራ አላየሁትም።

እናታችን በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ታናሽ እህታችን ስልኩን ትይዝላታለች። ሰዓቱ ከመድረሱ በፊት ወንድሜ ፀጉሩን ያበጥራል፣ እኔ ትራሶቹን ከጀርባው እደረድራለሁ፣ ከኋላው ያለውን አረንጓዴ መጋረጃ አስተካክላለሁ። ከደረቱ በላይ ሲታይ ጤነኛ ሰው ነው። ስለ ገበያ ይነግራታል፤ የሌለውን ሱቅ ሽያጭ ያወራላታል። በመዋሸት እንደዚህ የሚሰለጥን ሰው ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ፊቱ ሁሉን የሚናገር ሰው ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ትራሱን አውጪልኝ ይልና ወደ ግድግዳው ይዞራል።

በኋላ በኋላ ግን እናታችን አንድ ጥያቄ ያዘች። «ልጄ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የማይህ። ውጭ ውጣና ፀሐይ ላይ ልይህ» ማለት ጀመረች። ሥራ በዛ አላት። በሚቀጥለው ሳምንት ደገመችው። ብርድ ነው አላት። ደገመችው። እናታችን ለስላሳ ሴት ናት፣ ግን አንድ ነገር ከያዘች እንደ እንሰት ሥር ናት፤ ቆፍረህ ካልሆነ አትነቅላትም። ወንድሜ ተጨነቀ። እንቅልፍ አጣ። ሰውነቱ ከተመታ ወዲህ የቀረው አንድ ነገር በእናቱ ዓይን ሙሉ ሰው ሆኖ መታየት ነበር፤ እሱንም ሊያጣ መሆኑ ገባው።

መላውን ያመጡት አሠሪዬ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ሳቅና ቁጣቸው ያልተለየ ሰው። ጉዳዩን ሲሰሙ ብርድ ልብስ እየቆጠሩ ነበር።

«ዙ ውሰዱታ» አሉ።

«ዙ ምን ያደርግልናል?»

«እዚያ የምትከራይ ትንሽ የባትሪ መኪና አለች። እግሩ ደህና የሆነውም ሰው ቁጭ ብሎባት ነው የሚዞረው። ተቀምጦ ቢታይ ማን ተነስ ይለዋል?»

ዙ ማለት ለእኛ ምን እንደሆነ ጆበርግ ያልኖረ ሰው አይረዳውም። እዚህ ያለ ሐበሻ ለአገር ቤት የሚልከው ፎቶ ሱቅ ውስጥ የተነሳውን አይደለም። ከፍርግርግ ኋላ የተነሳ ፎቶ ለእናት አይላክም። መጀመሪያ እንደመጣን፣ ገና የራሳችን ልብስ ሳይኖረን፣ የሰው ጃኬትና የሰው መነጽር ተውሰን ዙ እንሄዳለን፤ ሳሩ፣ ዛፉ፣ ዝሆኑ ከኋላችን ይሆናል፤ ፈገግ እንላለን። ወንድሜም እንደመጣ ዝሆኑ ፊት እጁን ኪሱ ከትቶ የተነሳው ፎቶ እናታችን ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጇ ደህና መሆኑን የምታውቀው በዚያ ዝሆን ነው።

እኔ ነገሩን አልወደድኩትም። እሁድ ቀን ጉባኤ ቀርቶ ለውሸት መውጣት ከበደኝ። ግን ወንድሜ ሃሳቡን ሲሰማ ፊቱ ላይ ያየሁትን ከብዙ ጊዜ ወዲህ አላየሁም ነበር። ጢሙን ራሱ ተላጨ። አዲስ ጫማ አስገዛኝ፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። እግሩ ከመቀመጥ ብዛት አብጦ ስለነበር ጫማው ከካልሲ ጋር እምቢ አለ። «ካልሲ አይታይም፣ ተይው» አለኝ። ካልሲውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሰኔ ነበር። እዚህ አገር የሰኔ ክረምት ዝናብ የለውም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ የሚያታልል፣ ጥላ ውስጥ ሲገቡ አጥንት የሚነካ ደረቅ ብርድ ነው።

ወንድሞች መጥተው አወረዱት። ከማውረዳቸው በፊት አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ጉዟችንን ጌታ እንዲባርክ ጸለየ። ለውሸት ጉዞም ይጸለያል ወይ ልል ፈልጌ ምላሴን ነከስኩ። ጋሼ የዕቃ መጫኛ ባኪያቸውን አምጥተው ነበር፤ ወንድሜን ከፊት አስቀመጥነው፣ ዊልቸሩን ከኋላ አሰርነው፣ እኔ ከዊልቸሩ ጋር ተቀመጥኩ። የከተማው ሕንፃዎች አልፈው ትልልቅ ዛፎች ያሉባቸው ሰፈሮች ሲመጡ በመስታወቱ አየሁት። አንገቱን አውጥቶ ዛፎቹን እንደ አዲስ ሰው ያያቸዋል። ይህን ያህል ጊዜ ዛፍ ሳያይ መክረሙ ያኔ ነው የገባኝ፤ አለቀስኩ። ከኋላ ስለነበርኩ ማንም አላየኝም።

ዙ ስንደርስ የባትሪ መኪናዋን የምታከራየው ሴት የአገሩ ሰው ናት፤ ሰፊ ፊት ያላት። እኛን አልፋ በቀጥታ ወንድሜን «ሳውቦና ቡቲ» ብላ ሰላም አለችው። «ዬቦ ሲሲ፣ ኡንጃኒ?» ሲላት ደነገጥኩ። ሱቅ እያለው ከደንበኞቹ ጋር ቀኑን ሙሉ በዙሉ ሲቀልድ ይውል ነበር፤ ከተመታ በኋላ ግን ያን ቋንቋ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። ሴትየዋ ሳትጠየቅ ዊልቸሩን አጣጥፋ ከምታከራይበት ትንሽ ቤት ኋላ አስቀመጠችልን። ጋሼ መሪውን ያዙ፣ ወንድሜ ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላ፣ ጉዞ ጀመርን።

ሰዎች ስለ እኛ ሲያወሩ «እናንተም እኮ እንደ ዙ እንስሳ በፍርግርግ ውስጥ ናችሁ» ይላሉ። ይህን አባባል አልወደውም። ለአንበሳ ማንም መጥቶ ዳቦ ሽጥልኝ አይለውም፤ ማታም ፍርግርጉን ከውስጥ የሚቆልፈው እሱ አይደለም። ያም ሆኖ ወንድሜ በየአጥሩ ሲያልፍ እንስሶቹን የሚያይበት ዓይን ልቤን ነካኝ። አንድ የሜዳ አህያ ለብቻዋ ቆማ ነበር። «ቢያንስ ትቆማለች» አለ። ጋሼ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ቀጥለውም «ይህ ሁሉ እንስሳ ተኝቷል እኮ! የተኛ ለማየት ከሆነ የኔን ሠራተኞች ማየት ይበቃ ነበር» ብለው ወደ እኔ ሲያዩ ሦስታችንም ሳቅን።

ዝሆኖቹ ጋ ስንደርስ ደወልን። እኔ ከመኪናዋ ወርጄ ስልኩን ያዝኩ። ከእናታችን ኋላ የጓሮዋ እንሰት ይታያል፤ ነጠላዋን አገጯ ሥር አስራ ነበር። የምናወራው በሀዲይኛ ስለሆነ ጋሼ አይሰሙትም፤ ግን በትልቁ ፈገግ ብለው እጃቸውን አወዛወዙላት።

«አማ፣ ይኸው ፀሐይ ላይ ነኝ!» አላት ወንድሜ።

እናታችን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ተመስገን» አለች፤ «ፀሐዩ ፊትህን አገኘው።»

«ዝሆኑን አየሽው?»

«አየሁት። ያኔ አብረኸው የተነሳኸው ነው? አርጅቷል።»

«እኔስ አላረጀሁም?»

«አንተማ ጫማ ገዝተሃል» አለችው፤ ሳቀ። ስልኩን ወደ ጫማው ዝቅ አድርጌ አሳየኋት። ሁሉ ነገር ባሰብነው መንገድ ሄደ። ጋሼ መኪናዋን አንቀሳቀሱ፣ እኔ ከጎን እየተራመድኩ ቀረጽኩ፣ ወንድሜ መንገደኛውን በእጁ ሰላም እያለ አለፈ። ለማያውቅ ሰው ለመዝናናት የወጣ ሀብታም ይመስላል። እኔም ልንገራችሁ፣ ኩራት ተሰማኝ። ውሸታችን አማረብን።

ወደ አንበሶቹ የሄድነው እኔ ስላልኩ ነው። እናታችን አንበሳ አይታ አታውቅም። አጥሩ ቀጭን የሽቦ መረብ ነው፤ ከፊቱ ደግሞ ሰው እንዳይቀርብ ዝቅ ያለ እንጨት አለ። ጋሼ መኪናዋን ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥተው አቆሟት። ወንዱ አንበሳ ራቅ ብሎ ድንጋይ ሥር ተኝቶ ነበር፤ ጋሼ «ይኸውና፣ ሌላ እንቅልፋም» ሲሉ ግን ራሱን አነሳ። ተነሳ። ወደ አጥሩ ቀስ እያለ መጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለስ ጀመር።

እኔ አንበሳውን አላየሁም፤ የማየው ስልኩን ነበር። ወንድሜን መሃል ለማድረግ «ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል በል» እለዋለሁ። በስልኩ ውስጥ የሽቦው መረብ ጭራሽ አይታይም፤ ካሜራው የወንድሜን ፊት ስለያዘ ቀጭኑ ሽቦ ደብዝዞ ጠፍቷል። የሚታየው ፈገግ ያለ ወንድሜ፣ ከትከሻው በላይ ደግሞ ትልቅ ራስ፣ ጎፈርና አፍ ብቻ ነው።

እናታችን ጮኸች።

«አርቂው! አንቺ ልጅ፣ አርቂው ከዚያ! እሱ መሮጥ አይችልም!»

ጋሼ «ምን አሉ? ፈሩ እንዴ?» ይላሉ። ወንድሜ ፈገግታው እንዳለ ፊቱ ላይ ቀረ፤ የሚያነሳው ሰው እንዳጣ። እናታችን እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር። ከእንሰቱ በኩል የሚጮህ ዶሮ ይሰማኛል።

በመጨረሻ እጇን አነሳች። «አጥር አለው በሉኝ» አለች።

«አጥር አለው አማ» አልኳት። «ሽቦው በስልክ ስለማይታይ ነው።»

«እንግዲያስ ጥሩ።»

«ማን ነገረሽ?» አላት ወንድሜ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

«ማንም አልነገረኝም። ሰዎቹ አይነግሩኝም፣ ይጸልያሉ እንጂ» አለች። «ሽማግሌው ቤቴ ይመጣሉ። ልጄ እንዴት ነው ስላቸው ደህና ነው፣ ደህና ነው ይሉኛል። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጭነው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ግን ‘ሽባውን ከአልጋው ያስነሳህ ጌታ ሆይ’ ይላሉ። በመጡ ቁጥር ይቺኑ ይላሉ። እኔን ይዋሹኝ፤ እግዚአብሔርን እንዴት ይዋሹታል? ከሴቶቹም እጄን ይዛ ስለ እግር የማትጸልይ የለችም። እኔ እግሬን አላመመኝ። የማን እግር ነው ታዲያ?»

ተናደድኩ። በሽማግሌው፣ በሴቶቹ፣ በራሳችን ሥርዓት፣ ከሁሉም በላይ ይህን ይዛ በየሳምንቱ ስለ ገበያ ስትጠይቅ በከረመችው በእናታችን ተናደድኩ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽን?» ብዬ ጮህኩባት፤ መንገደኞች ዞረው አዩኝ።

«ደክማችሁ ነው የደበቃችሁልኝ» አለች። «ድካማችሁን ላፍርስባችሁ?»

«ውጣ ውጣ ስትይኝ ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው?» አላት ወንድሜ። «ቆሜ እንደማልወጣ እያወቅሽ?»

«ያን አረንጓዴ መጋረጃ ጠላሁት። ሁልጊዜ እሱው ነው ከኋላህ ያለው። ልጄ ፀሐይ እንደማያይ ገባኝ። ለእኔ ብለህ ካልሆነ ለራስህ ብለህ እንደማትወጣ አውቃለሁ፤ ወልጄሃለሁ እኮ።»

ያን ጊዜ ወንድሜ አለቀሰ። ከተመታ ጀምሮ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር፤ ሆስፒታልም ውስጥ፣ ሐኪሙ በተናገሩ ቀንም አላለቀሰም። ፊቱን ሳይሸፍን፣ ሳይደበቅ፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። ጋሼ ጥያቄያቸውን ትተው ወርደው ሄዱ። ትንሽ ቆይተው ዊልቸሩን እየገፉ መጡ፤ ማንም አላዘዛቸውም፣ የሆነው ነገር ምን እንደሆነ ግን ያለ ቋንቋ ገብቷቸው ነበር። ተጋግዘን አወረድነውና አስቀመጥነው። ስልኩን አጥሩ ፊት ባለው እንጨት ላይ አስደግፌው ስለነበር እናታችን ሁሉንም አየች፤ ስንይዘው፣ ስናነሳው፣ እግሮቹ አየር ላይ ሲንጠለጠሉ። አንበሳው ሰልችቶት ወደ ድንጋዩ ተመልሶ ነበር።

«ወንበሩ ጥሩ ነው» አለች በመጨረሻ። «ጎማው ጠንካራ ነው?»

«ጠንካራ ነው።»

«እግርህን ልየው።»

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ተንበርክኬ አዲሱን ጫማ አወለቅኩለት፤ ሶሉ መሬት አልነካም፣ ገና እንደተገዛ ነው። ስልኩን አቀረብኩላት። እግሮቹ አብጠዋል፣ ቆዳቸው ያብለጨልጫል፣ ጣቶቹ ከብርዱ ሰማያዊ ሆነዋል። እናታችን ወደ ስልኩ ተጠግታ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ አየቻቸው። አንድ ሰው የራቀውን ዘመዱን እንደሚያይ አየቻቸው።

«ካልሲ የለውም እንዴ?» አለችኝ በቁጣ። «በዚህ ብርድ!»

«አማ፣ እኔ እኮ አይበርደኝም» አላት ወንድሜ። «ከወገቤ በታች ምንም አይሰማኝም።»

«አንተን ባይበርድህ» አለች እናታችን፣ «እኔን ይበርደኛል።»

ካልሲውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አንዱን እግሩን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እሷ እያየች፣ ቀስ ብዬ አጠለቅኩለት፤ ከዚያ ሁለተኛውን።